ከአሸዋው ደሴት ወደ በረዶው ሐይቅ

ሚኒሶታ ደርሶ የመጣ ሰው ስለ ብርዱ ሳያወራ ቁጭ ማለት አይችልም። እኔም አልችልም፤ ግን ተራው እስኪደርስ ልታገስና መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር።

የምኖረው ሁልሁማሌ ነው። የማልዲቭስ ዋና ከተማ ማሌ ትንሽ ደሴት ናት። ሰዉ ሞልቷት ሞልቷት፣ ሞተር ሳይክሎቹ እንኳ መንገድ ዳር የሚቆሙት ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ነው። በመስኮት እጅህን ብትዘረጋ የጎረቤትህን የልብስ ማስጫ ገመድ ትነካለህ። መንግሥት ሲጨንቀው ከባሕሩ ሥር አሸዋ አስመጥጦ አጠገቧ ሌላ ደሴት ሠራ። ሁልሁማሌ ያቺ ናት። ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶች፣ ረጃጅም ሕንፃዎችና ገና ጥላቸው ያልጠና ዛፎች አሏት፤ ከማሌ ጋር በድልድይ ትገናኛለች። አሁንም የሚሞላ ቦታ አልጠፋም። እኔ የአፈር መሐንዲስ ነኝ፤ እንጀራዬን የማገኘው ከዚሁ ነው።

ባለቤቴ ሂሩት የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። እናቷ በሕይወት የሉም። አራስ ስትሆን አጠገቧ ሆና የምታርሳት ሰው ስላልነበረን፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሜፕልዉድ በምትባል ከተማ እህቴ ቤት የምትኖረውን እናቴን፣ ወይዘሮ ወርቅነሽን፣ እንድትመጣልን ለመንናት። እምቢ አለች።

ጣጣውን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከደስታዬ ብዛት፣ አሸዋ የምትመጥጠው መርከብ አሸዋና ውሃ እንደ ፏፏቴ ወደ ባሕሩ ስትተፋ በስልኬ ቀርጼ ቤተሰቡ የሚጻጻፍበት ቡድን ላይ ለቀቅኩት። «መሬታችን ስትወለድ» የሚል ጽሑፍም አከልኩበት። እናቴ ደጋግማ አየችው። ቀጥሎ በመጣው እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የተሰበከው ስለዚያ ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለሠራው ሰነፍ ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲህ መልሷ አንድ ነው፤ «ልጄ፣ ወንጌል ላይ ስሙ የተጠራ ቤት ውስጥ ገብቼ አላድርም።»

በስልክ ብለምን ብለምን አልሆነም። ፈቃድ ጠየቅኩና ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ሂሩት ከባሕሩ ዳር ነጭ አሸዋ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ሞልታ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች። «በእጇ ትንካው። ስታየው ትወደዋለች» አለችኝ። ከቤቴ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መንገዱ አጭር ነው፤ የቀረው ግን ጉዞ አያልቅም። ዶሃ ላይ ተኛሁ፣ ቺካጎ ላይ ነቃሁ ማለት ይቻላል። ቺካጎ አንድ ተቆጣጣሪ ጠርሙሱን ከሻንጣዬ አውጥቶ ብርሃን ላይ ያዘው።

«ምንድን ነው?»

«አሸዋ።»

«ለምን?»

«ለእናቴ።»

ከዚህ በላይ መጠየቅ የፈለገ አይመስልም። ክዳኑን ከፍቶ አየና መለሰልኝ። እኔም በጥድፊያ ገጠምኩትና ወደሚቀጥለው አውሮፕላን ሮጥኩ።

ሚኒያፖሊስ የእህቴ ባል ጌቱ አንድ እቅፍ ልብስ ይዞ ጠበቀኝ። ጌቱ እዚያ አገር የሕመምተኛ ማመላለሻ መኪና ነው የሚነዳ። ከበሩ ሳልወጣ ካፖርት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ቡትስ እያለ እንደ ሕፃን አለበሰኝ። «ስማኝ፣ በአፍህ አትተንፍስ፣ ሳቅም አትበል» አለኝ። አሁን የብርዱ ተራ ደርሷል። ከበሩ ስወጣ አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆመ። እንዲህ ያለ ፀጉር እንዳለኝም ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እኛ አገር ሰው ከቤት ሲወጣ ይቀልላል፤ ሚኒሶታ ሰው ከቤት የሚወጣው የአልጋ ልብሱን ሁሉ ተሸክሞ ነው።

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። አቅፋ ሳመችኝ፣ «ከሳህ» አለችኝ፣ ወዲያው ስለ ሂሩት ጠየቀችኝ። ትበላለች ወይ? እግሯ ያብጣል ወይ? ማን ውሃ ያቀርብላታል? ሁሉንም መለስኩ። ገበታ ቀርቦ እህቴ ሰብለ የሠራችውን ጎመን በሥጋ እየበላሁ ወሬውን ወደ ደሴቷ ላዞር ስል ግን እናቴ ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተተች። ጉርሻው አፍ ያስይዛል፤ ሆን ብላ መሆኑ ገብቶኛል።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ሻንጣዬን ስከፍት የጠርሙሱ ክዳን ተከፍቶ ነበር። ሁልሁማሌ ሸሚዞቼ ውስጥ፣ ካልሲዎቼ ውስጥ፣ ለሰብለ ያመጣሁት ሻርፕ ውስጥ ፈሳለች። ልብሱን ሳራግፍ ደግሞ የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተበተነ። ከሥራ የገባችው ሰብለ፣ ዉድበሪ ከተማ አረጋውያንን ስትንከባከብ አድራ ዓይኗ እንደቀላ፣ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። እናቴ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ አሸዋውን በጣቶቿ ፈተለችው።

«አገሩ ይኼ ነው?»

«ቁራጩ ነው፣ እማዬ።»

«ክዳን ገፍቶ የሚሄድ መሬት! ሸሚዝህ ላይ አርፎ ያልተቀመጠ፣ ልጅህን ተሸክሞ ሊቀመጥ?»

አሸዋ አንድ ጊዜ ከተጠቀጠቀ ወዲያ አይንቀሳቀስም ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። በመካከሉ ልብስ ማጠቢያው እንደ ወፍጮ ማንጓጓት ጀመረ፤ አሸዋ የቋጠረው ካልሲዬ ነው። ንግግሬ እዚያ ላይ ቆመ።

እናቴ ብሩሽና ወረቀት አምጥታ አሸዋውን ከምንጣፉ ላይ ቀስ እያለች መልቀም ያዘች። የሰብለ ልጅ ሚልካ ሚኒሶታ የተወለደች ናት፤ በአማርኛ ሲነግሯት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስ። «ግራንማ፣ ጀስት ቫኪዩም ኢት!» ብላ ጮኸች። እናቴ «ዝም በይ፣ የሰው አገር በማሽን አይጠረግም» አለቻት። ቤቱን ለማጽዳት መስሎኝ አልፌው ሄድኩ።

ሦስተኛው ቀን

ጌቱ ሴንት ፖልን ሊያሳየኝ ተነሳ፤ እናቴም አብራን ወጣች። መኪናው አልነሳም አለ። ጌቱ ቁልፉን ያዞራል፣ መኪናው ያስላል፣ ዝም ይላል። ከፊት ለፊት ካለው ቤት አንድ ሽማግሌ ነጭ፣ በፒጃማና በቡትስ፣ ሳንጠራው የባትሪ ገመድ ይዞ መጣ። ከራሱ መኪና ጋር አገናኝቶ አስነሳልን፤ ምስጋናችንን ሳንጨርስ ቤቱ ገባ። ጌቱ «እሱ ባለፈው ሳምንትም ጃምፕ አድርጎልኛል። ስሙን እስካሁን አላውቀውም» አለኝ። እኛ ዘንድ የጎረቤቴን ስም፣ የአማቱን ስም፣ ትናንት ምን እንደተጣሉ ሁሉ አውቃለሁ። ግድግዳው ነው የሚነግረኝ።

መንገድ ላይ ከሁሉ በላይ የገረመኝ ቦታው ነው። ሜፕልዉድ የገበያ አዳራሹ ፊት ያለውን ባዶ የመኪና ማቆሚያ አይቼ ራሴን ያዝኩ። እኛ ይህችን ለምታህል ሜዳ ስንት ጊዜ መርከብ እናመላልሳለን!

«እዚህ ከተማው ሲጠባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኩት ጌቱን።

«የሃይዌዩን አንድ ኤግዚት አልፈህ ድራይቭ ታደርጋለህ። እኛ መጀመሪያ ሚኒያፖሊስ መሃል ነበርን፤ ጓደኞቻችን ወደ ቡርንስቪል ሄዱ፣ እኛ ወደዚህ መጣን። ሰዉ ቤት የሚቀይረው እንደዚያ ነው።»

ሴንት ፖል የሚኒሶታ ዋና ከተማ ናት። ወንዙ ዳር ስንደርስ ጌቱ ሰፊ መናፈሻ አሳየኝ። ስሙ ሃሪየት አይላንድ ነው፤ ደሴት ማለት ነው፤ ግን ከዳሩ ጋር የተያያዘ መሬት ነው። ዱሮ ውሃ ከብቦት ነበር፤ በኋላ ከዳሩ የሚለየውን ውሃ በአፈር ሞልተው ገጠሙት አለኝ። እኛ ውሃ ሞልተን ደሴት እንሠራለን፤ እነሱ ውሃ ሞልተው ደሴት አጠፉ፤ ስሙን ግን አልነኩትም። ይህን የመሰለ ማስረጃ ከየት ይገኛል? ወደ ኋላ ዞርኩ።

«እማዬ፣ አየሽ? ይኼም ውሃ ነበር። ሰው ሞልቶት ይኸው ቆሟል።»

እናቴ በመስኮቱ አሻግራ ተመለከተች። «ቤት የት አለ?» አለች። «መናፈሻ ነው። እነሱም አላመኑትም ማለት ነው።»

ጌቱ መሪውን ይዞ በሳቅ ሞተ።

አራተኛው ቀን

እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ራሷ ክንዴን ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ ወሰደችኝ። ነገሩን እሷው አስረዳች፤ መርከቧን በእጇ እያሳየች፣ «ትተፋለች፣ አባ» እያለች። አባ ፂማቸውን እየዳበሱ ሰሙና፣ «ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ያ ቃል የሚናገረው ሰምቶ ስለማይሠራ ልብ ነው። ስለ ሕንፃውማ ልጅዎ መሐንዲስ አይደል? እሱን ይጠይቁት» አሏት። ደስ አለኝ። ከአባ እንደተለየን ግን፣ «አባ ሰው ማስቀየም አይችሉም» ብላ ዘጋችው።

ያን ቀን በእውነት ተስፋ ቆረጥኩ። ለመመለስ ማግስቱን ውሎ ማደር ብቻ ነበር የቀረኝ። ለሂሩት ደውዬ እንዳልተሳካልኝ ነገርኳት። «ግድ የለም፣ እኔና አንተ እንወጣዋለን» አለችኝ። ድምፅዋ እንደማንወጣው ይናገር ነበር። እኔም ፈራሁ።

በሰንበቴው አዳራሽ አብረውን የበሉት ጋሽ ዘነበ ፊቴን አይተው ይሁን አላውቅም፣ ወደ እኛ ተጠጉ። ጋሽ ዘነበ ከሱዳን በስደት የገቡ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ከሐበሻው ሁሉ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ የበረዶው ወራት ሲገባ እንደ ነጮቹ በረዶ በሠራ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱበት ቤት ያቆማሉ። «ነገ ኦፍ ነኝ» አሉ። «እትዬ ወርቄ፣ ልጁን ይዘሽልኝ ነይ። ሚኒሶታ መጥቶ አይስ ሃውስ ሳይገባ ሊሄድ ነው እንዴ?»

አምስተኛው ቀን

ሐይቁ ኋይት ቤር ይባላል። ዳሩ ላይ ስንቆም ሐይቅ አላየሁም፤ ነጭ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ ከጭስ ማውጫቸው ጭስ የሚወጣ ትንንሽ ቤቶች ተሰልፈዋል፤ በመካከላቸው መኪና ያልፋል፣ ውሻ ይሮጣል፣ ሁለት ሴቶች ወንበር አውጥተው ይጫወታሉ። መንደር ነው። መርከባችን ለዓመታት የምትለፋበትን ሥራ እዚህ ብርዱ ብቻውን ሠርቶታል።

እናቴ የቡትሷን ማሰሪያ አጠበቀች፣ ነጠላዋን ከካፖርቷ በላይ አጣፋች፣ ገባች። ጋሽ ዘነበ ተከተሏት። እኔ ዳር ቀረሁ።

ትንሽ ሄዳ ዞረች። «ምን ሆነሃል?»

«እማዬ፣ ውሃ እኮ ነው።»

«ነበር።»

«ውፍረቱን ማን ለካው?»

«መኪና ሲሄድበት እያየህ? ና ጠንካራ ነው፣ በየዓመቱ እመጣለሁ እኮ!»

አንድ እግሬን አኖርኩ፤ ሁለተኛውን አስከተልኩ። በዚያው ቅጽበት ከበረዶው ሥር ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ረጅም የጉምጉምታ ድምፅ ተሰማ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ራሴን ያገኘሁት የእናቴን ክንድ በሁለት እጄ አንቄ ነው። ወንበር ላይ የነበሩት ሴቶች እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

«አይዞህ» አሉ ጋሽ ዘነበ። «ሲጠነክር ነው እንዲህ የሚጮኸው።»

«ይበሉት እንጂ ጋሽዬ፣ እኔ ካላየሁ…»

ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ከቤታቸው ረጅም ጠመዝማዛ መሰርሰሪያ አውጥተው እግሬ ሥር ሰኩት። ነጩ ፍርፋሪ እየተከመረ ወጣ፤ ወርዶ ወርዶ በመጨረሻ ውሃ ብቅ አለ። «ይኸው፣ እጅህን ክተትና ለካ» አሉኝ። ተንበርክኬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ሰደድኩት። በረዶው ከክርኔ በላይ ዋጠኝ፤ ታችኛው ጠርዙ ላይ ለመድረስ በደረቴ መተኛት ነበረብኝ። ያን ጊዜ ተነስቼ ዘለልኩበት።

እናቴ ሁሉንም ቆማ ስታይ ነበር። ቤቱ ውስጥ ገብተን፣ ምድጃው እየነደደ፣ ጋሽ ዘነበ ያጠመዱትን ዓሣ በሚጥሚጣ እየጠበሱ ሲያቀርቡልን ነው የተናገረችው።

«እኔ እናትህ ጠንካራ ነው ስልህ አላመንከኝም። ዘነበ ቀድዶ ሲያሳይህ አመንክ።»

«ሥራዬ ነው እማዬ፣ ለምጄ ነው።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«መሬት ቀድዶ ማየት።»

ሹካዋን አስቀመጠች። «የቱን መሬት?»

«የኛን ነዋ። መርከቧ ከተፋችው በኋላ እኮ እንዲሁ አይተውም። እንዲረጋ ይጠበቃል፣ ከባድ መኪና እየተመላለሰ ይጠቀጥቀዋል፣ ከዚያ እኔ እቀድደዋለሁ። ከላላ እንደገና ይጠቀጠቃል። እኔ ይበቃል ካላልኩ ማንም ቤት አይሠራበትም። ለረጃጅሞቹ ሕንፃዎችማ ምሰሶው ከአሸዋው አልፎ ጠንካራው ድረስ ነው የሚወርደው።»

«ታዲያ ይኼን ለምን አልላክህልኝም? መርከቧ ስትተፋ ብቻ አሳይተኸኝ!»

እውነቷን ነው። ስንት ጉድጓድ ስቀድ ኖሬ አንዱንም ፎቶ አላነሳሁም፤ ጉድጓድ ማን ያምርልኛል ብሎ ይልካል? የላክሁላት ሁሉ ግርግሩንና ጭቃውን ነበር።

ልቤ ሞቀና ገፋሁበት። «ይኼ በረዶ ደግሞ እኮ በመጋቢት ይቀልጣል!»

«በመጋቢትማ ማን ይቆምበታል?» አለች። «የናንተስ?»

«አይቀልጥም።»

«ባሕሩስ ቢነሳ?»

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። «ከማሌ ከፍ አድርገን ነው የሠራነው» አልኳት። «እኛም የልጃችንን አልጋ እዚያው ነው የምንዘረጋው። ግን ባሕሩ ለዘላለም አይነሳም ብዬ አልምልልሽም። እንደሱ ያለ ማረጋገጫ የለኝም።»

ጋሽ ዘነበ ዓሣውን ገለበጡ። እናቴ ዓሣ ወደሚጠመድበት የበረዶ ቀዳዳ ጎንበስ ብላ ጠርዙን በጣቷ ለካች። ከዚያ ሹካዋን አንስታ፣ እንደ ቀላል ነገር፣

«ለገንፎ የሚሆን ገብስ እዚያ ይገኛል?» አለችኝ።

«አይገኝም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ከዚህ ማስፈጨት ነው። ፋሲካን ላክብርና እመጣለሁ።»

እንባዬ መጣ። ሚጥሚጣው ነው ብዬ ጋሽ ዘነበ ላይ አላከክሁ፤ እሳቸውም ደግ ሰው ናቸውና «አዎ፣ ዛሬ አበዛሁት» አሉ።

ስድስተኛው ቀን

ስመለስ ሻንጣዬ ከአመጣጤ ይከብድ ነበር። ሰብለ የሕፃን ልብስ፣ ጌቱ ሕፃኑ የት ይለብሰዋል ሳይል አንድ የሱፍ ኮፍያ፣ ሚልካ «ፎር ዘ ቤቢ» ብላ የራሷን አሻንጉሊት ጨመሩበት። ማልዲቭስ የሱፍ ኮፍያ ለምን እንደሚያስፈልግ ጌቱን ጠየቅኩት። «ኤር ኮንዲሽን የላችሁም እንዴ?» አለኝ። እናቴ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኘችኝ። ስለ ደሴቷ አንድም ቃል አላነሳችም፤ ሂሩት ከባድ ነገር እንዳታነሳ ብቻ አስጠነቀቀችኝ። የአሸዋውን ጠርሙስ ፈልጌ ማጣቴን ያስታወስኩት አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ነው። ተጥሏል ብዬ ተውኩት።

ቤቴ ደርሼ በማግስቱ ሥራ ስገባ በመጀመሪያ ያደረግኩት ጉድጓዴን ፎቶ ማንሳት ነው። ላክሁላት። «ጥሩ ነው» ብላ በድምፅ መለሰችልኝ፤ «ደግሞ ሌላ ቦታ ቅደድ።»

ከፋሲካ በኋላ ቃሏን ጠብቃ መጣች። ከታክሲው እንደወረደች ሂሩት ልታቅፋት ስትሮጥ እናቴ በእጇ ምልክት አስቆመቻትና፣ በተረከዟ መሬቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ተቃቀፉ። ሻይ እንኳ ሳትጠጣ፣ «ባሕሩ ዳር ውሰዱኝ» አለችን።

አሸዋው ላይ ስትደርስ ከቦርሳዋ የማርማላታውን ጠርሙስ አወጣች። ከምንጣፉ የለቀመችው፣ ከካልሲዎቼ ያራገፈችው፣ ከልብስ ማጠቢያው ሥር በብሩሽ የጠረገችው፣ ሁሉም እዚያ ነበር፤ እስከ አፉ ሞልቷል። ጎንበስ ብላ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው፤ በመዳፏም ጠቀጠቀችው።

«ይኸው መልሼላችኋለሁ» አለች። «የልጅ ልጄ ነው የሚቆምበት፤ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትጎድልበት።»